ከኮንቴይነር በፊት፦ ስለ 1950ዎቹና 1960ዎቹ የንግድ መርከቦች ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

በዚህ ገጽ የሚጠቀሱት ዓመታት፣ ወራትና ቀናት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። ጥያቄዎቹን የሚያነሱት በአብዛኛው አባታቸው ወይም አጎታቸው በምጽዋ፣ በአሰብ፣ በጅቡቲ ወይም በኤደን በኩል ወደ ባሕር ወጥተው የነበሩ ሰዎች ናቸው። የሰሙትን ታሪክ ይዘው ይመጡና «እውነት እንዲህ ነበር?» ይላሉ። አብዛኛውን ጊዜ እውነት ነው። ትዝታው የሚዘልለው ነገር ግን አለ፤ እሱንም በየቦታው አነሣለሁ።

በዚያ ዘመን «የንግድ መርከብ» ሲባል ምን ዓይነት መርከብ ነው?

ዛሬ በወደብ የምናየውን የኮንቴይነር ክምር ለጊዜው እርሱት። የያኔው ዕቃ ጫኝ መርከብ ርዝመቱ ከ130 እስከ 150 ሜትር ገደማ ነው። መሐሉ ላይ የመኖሪያና የመምሪያ ክፍሎች ተደራርበው የተሠሩበት ነጭ ሕንፃ ይቆማል፤ ጭስ ማውጫውም ከዚያው ይወጣል። ከሕንፃው ፊትና ኋላ አራት ወይም አምስት ጥልቅ የጭነት ጉድጓዶች አሉ። በየጉድጓዱ ዳር በምሰሶ ላይ የተንጠለጠሉ የጭነት ማንሻ ክንዶች ተደርድረዋል፤ መርከቡ ዕቃውን በራሱ ጉልበት የሚያወጣውና የሚያስገባው በእነሱ ነው። ወደቡ ክሬን ባይኖረውም ግድ አይሰጠውም።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በየባሕሩ ይታይ የነበረው አሜሪካ የሠራችው «ሊበርቲ» የሚባለው ዓይነት ነው። ከ1941 እስከ 1945 ባለው ጊዜ 2,710 ያህል ተሠርተዋል። የመጀመሪያው «ፓትሪክ ሄንሪ» ውሃ የገባው በመስከረም 27 ቀን 1941 ነበር። በኅዳር 1942 ደግሞ «ሮበርት ፒሪ» የተባለው በአራት ቀን ከአሥራ አምስት ሰዓት ውስጥ ተገጣጥሞ ውሃ ገባ። በእርግጥ ይህ ለፕሮፓጋንዳ ሲባል የተደረገ ሩጫ እንጂ የዘወትር አሠራር አልነበረም። 135 ሜትር ርዝመት፣ 2,500 የፈረስ ጉልበት ያለው የእንፋሎት ሞተር፣ በሰዓት 11 የባሕር ማይል ፍጥነት፤ ከዚህ በላይ የለውም። ለጦርነት በጥድፊያ የተሠራ መርከብ ስለሆነ ረጅም ዕድሜ ይኖረዋል ብሎ የጠበቀ ሰው ጥቂት ነበር። ሆኖም የግሪክ ባለሀብቶች ከጦርነቱ ማግሥት በመቶ የሚቆጠሩትን ገዝተው እስከ 1960ዎቹ አሠሯቸው። ዛሬ ስማቸው የሚጠራ የግሪክ የመርከብ ቤተሰቦች ሀብት መሠረት ብዙውን ጊዜ ይኸው ነው።

«መደበኛ መስመር» እና «ዘዋሪ» መርከብ ልዩነታቸው ምንድን ነው?

የመደበኛ መስመር መርከብ እንደ አውቶቡስ ነው፤ መነሻው፣ መድረሻውና ቀኑ አስቀድሞ በጋዜጣ ይወጣል። ዘዋሪው ጭነት በተገኘበት ይሄዳል። በዘዋሪ መርከብ የተቀጠረ ሰው ከካርዲፍ የድንጋይ ከሰል ጭኖ ሲነሣ ቀጥሎ አርጀንቲና ይሂድ ጃፓን አያውቅም። ቤተሰብ ላለው ሰው ይህ ትልቅ ፈተና ነበር፤ የመርከበኞች የቤት ውስጥ ጭቅጭቅ ግማሹ ከዚህ የሚነሣ ይመስለኛል።

በአንድ መርከብ ላይ ስንት ሰው ይሠራ ነበር? ማን ምን ይሠራል?

ከሠላሳ አምስት እስከ ሃምሳ ሰው። ዛሬ የዚያን ጊዜውን መርከብ ብዙ እጥፍ የሚጭን መርከብ በሃያ ምናምን ሰው ይሄዳል።

ካፒቴኑ ከላይ ነው። ከሥሩ ሦስት የመርከብ መኮንኖች አሉ፤ የመጀመሪያው መኮንን ለጭነቱ፣ ሁለተኛው ለካርታውና ለአቅጣጫው፣ ሦስተኛው አብዛኛውን ጊዜ ለሕይወት አድን ጀልባዎች ይጠየቃሉ። በሞተር ክፍል ዋና መሐንዲሱና ረዳቶቹ፣ ዘይት ቀቢዎች፣ ቦይለር ጠባቂዎች አሉ። አንድ የሬዲዮ መኮንን አለ። አናጺ አለ፤ ዋናው ሥራው እንጨት መላግ ሳይሆን በየማለዳው በብረት ዘንግ የመርከቡን የታችኛ ክፍል ውሃ መለካት ነው። ምግብ አብሳይ፣ ዳቦ ጋጋሪ፣ አስተናጋጆች አሉ። የተቀሩት ተራ መርከበኞች ናቸው። ቀኑን ሙሉ ዝገት እየፈቀፈቁ፣ ከእርሳስ ማዕድን የተሠራ ቀይ ቀለም እየቀቡ፣ በላዩ ሌላ ቀለም እየደረቡ ይውላሉ። ከአፍንጫው ጀምረው ጅራቱ ሲደርሱ አፍንጫው እንደገና ዝጎ ይጠብቃቸዋል።

ከየት መጡ ለሚለው፦ በእንግሊዝ መርከቦች ላይ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሕንዳውያን፣ እንዲሁም ቻይናውያን ይሠሩ ነበር። ከኤደን የሚቀጠሩት የመናውያንና ሶማሌዎች ደግሞ በአብዛኛው እሳት ማንደጃው ዘንድ ይመደቡ ነበር። በካርዲፍና በሳውዝ ሺልድስ ዛሬም ያሉት የየመናውያንና የሶማሌ ማኅበረሰቦች የተመሠረቱት በእነሱ ነው። ሕንዳዊው መርከበኛ ከእንግሊዛዊው ጎን ቆሞ ሲሠራ ደመወዙ እጅግ ያነሰ፣ መኝታውም የተለየ ነበር። የነጭ መኮንኖችን ትዝታ ስታነቡ ይህን እያሰባችሁ አንብቡ፤ እነሱ ብዙም አይነግሯችሁም።

የሥራ ሰዓቱ እንዴት ነበር?

ባሕር ላይ ሌሊትና ቀን የለም፤ ተራ ጥበቃ አለ። አራት ሰዓት ይሠራል፣ ስምንት ሰዓት ይታረፋል፣ እንደገና አራት ሰዓት ይሠራል። ሦስተኛው መኮንን ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት እስከ ቀትርና ከምሽቱ ሁለት ሰዓት እስከ እኩለ ሌሊት፤ ሁለተኛው ከቀትር እስከ አሥር ሰዓትና ከእኩለ ሌሊት እስከ ሌሊቱ አሥር ሰዓት፤ የመጀመሪያው የንጋቱንና የምሽቱን ይይዛል። በየግማሽ ሰዓቱ ደወል ይመታል፤ ስምንተኛው ደወል ተራው ማለቁን ያበሥራል። እኩለ ሌሊት ላይ ተነሥቶ ጥቁር ቡና ጠጥቶ ጨለማ ላይ ማፍጠጥ የለመደ ሰው በጡረታ ዘመኑም በዚያው ሰዓት ይነቃል ይባላል። ልጆቻቸውን ጠይቁ፣ ይመሰክራሉ።

ያለ ሳተላይት ያሉበትን ቦታ እንዴት ያውቁ ነበር?

በፀሐይ፣ በኮከብና በሰዓት። ሴክስታንት የሚባለው መሣሪያ ፀሐይ ከአድማስ በላይ ያላትን ከፍታ ይለካል። ክሮኖሜትር የሚባለው በሣጥን ተቀምጦ በየቀኑ በጥንቃቄ የሚሞላ ሰዓት የግሪንዊችን ጊዜ ይይዛል። ቀትር ሊሆን ሲል መኮንኖቹ ወጥተው ይቆማሉ፤ ፀሐይ ወደ ላይ መውጣቷን ትታ ለጥቂት ሰከንድ የቆመች ስትመስል ንባቡን ይይዛሉ። ከዚያ በሠንጠረዥና በእርሳስ ይሰላል። ሦስት ሰው አስልቶ ሦስት መልስ ሲመጣ የካፒቴኑ መልስ ትክክል ነው።

ካለፈው ቀትር እስከዚህኛው የተኬደው ርቀት ይለጠፋል፤ ለሊበርቲ ዓይነቱ በደህና ቀን 260 የባሕር ማይል ገደማ ነው። መርከበኞቹ በዚህ ቁጥር ላይ ይወራረዱ ነበር። ሰማዩ ለቀናት ከተደፈነ ግን ከአቅጣጫና ከፍጥነት በግምት ከመሄድ ሌላ አማራጭ የለም። ከጦርነቱ በኋላ ራዳር ቀስ በቀስ ቢገባም፣ ቆጣቢ ባለቤት ያለው አሮጌ መርከብ ለረጅም ጊዜ ያለ እሱ ሄዷል።

በሞተር ክፍል ያለው ሙቀት እንደሚወራው ነው?

ነው። በቀይ ባሕር በሐምሌ ወር፣ ነፋሱ ከመርከቡ ኋላ በመርከቡ ፍጥነት ልክ ሲነፍስ አየር ጨርሶ አይገባም። ያን ጊዜ የታች ሙቀት ከ45 ዲግሪ በላይ ይሄዳል። ጨው ይበላል፣ ውሃ ይጠጣል፣ በየተራ ከአየር ማስገቢያው ቱቦ ሥር ይቆማል። ካፒቴኖች መርከቡን ለጥቂት ጊዜ አዙረው ወደ ነፋሱ እንዲሄድ ያደረጉበት አጋጣሚ አለ፤ ነዳጅ ማባከን ቢሆንም ሰው ከመሞት ይሻላል።

ብዙ ያልተወራለት ሌላ ጉዳት አለ። የእንፋሎት ቱቦዎቹ የሚሸፈኑት በአስቤስቶስ ነበር። ቱቦ ሲጠገን ሽፋኑ ይሰበርና ክፍሉ በነጭ ብናኝ ይሞላል፤ ማንም አፉን አይሸፍንም። ከሠላሳና ከአርባ ዓመት በኋላ በሳንባቸው ሽፋን ካንሰር የሞቱት መሐንዲሶች ብዙ ናቸው።

መርከቦቹ ለምን ወደብ ላይ ያን ያህል ይቆዩ ነበር?

ከሁሉም ጥያቄ የምወደው ይህ ነው፤ የዚያ ዘመን የመርከበኛ ሕይወት የሚፈታው በዚህ መልስ ነውና። አንድ ጠቅላላ ዕቃ ጫኝ መርከብ የዕድሜውን ግማሽ ያህል የሚያሳልፈው ወደብ ላይ ቆሞ ነበር። ምክንያቱ ዕቃው አንድ በአንድ በሰው እጅ ስለሚነካ ነው፤ ጆንያው፣ ሣጥኑ፣ በርሜሉ፣ ጥቅልሉ፣ አንዳንዴም ላሙ።

ከአሰብ ወይም ከጅቡቲ ወደ አውሮፓ የሚሄደውን የእኛን ቡና እንከተለው። ጉድጓዱ መጀመሪያ ይጠረጋል። የብረቱ ወለልና ግድግዳ ጆንያውን እንዳይነካ ሳንቃ ይነጠፋል፣ ምንጣፍ ወይም ወረቀት ይደረብበታል። በባቡር ወይም በጭነት መኪና የመጣው ቡና መርከቡ ጎን ላይ በገመድ መቀነት ይታሰራል። ሁለት የጭነት ማንሻ ክንዶች አንድ መንጠቆ ይጋራሉ፤ አንዱ ክንድ ከወደቡ በላይ፣ ሌላው ከጉድጓዱ አፍ በላይ ቆሟል። የአንዱ ዊንች (ገመድ የሚስበው ማሽን) ሠራተኛ ሲስብ የሌላው ይለቃል፤ ሸክሙ አየር ላይ ተንሳፎ ተሻግሮ ይወርዳል። ሁለቱ ዊንች ያዦች እርስ በርስ ሳይነጋገሩ፣ አፉ ላይ የቆመውን የምልክት ሰጪ እጅ ብቻ እያዩ ነው የሚሠሩት። ገመድ ቢበጠስ ከታች ያለው ሰው ማምለጫ የለውም። ታች ያሉት ጫኞች ጆንያውን በትከሻ ተሸክመው ጥግ ድረስ ወስደው እየጠበቁ ይደረድሩታል። ዳር ላይ የመርከቡና የላኪው ቆጣሪዎች እርሳስ ይዘው በየበኩላቸው ይቆጥራሉ። ማታ ሲያስተያዩ ቁጥሩ አይገናኝም፤ ክርክሩ ይጀመራል፤ ቢል ኦፍ ሌዲንግ የሚባለው የጭነት ሰነድ ላይ ምን እንደሚጻፍ ትራንዚተሩና የመጀመሪያው መኮንን ይጨቃጨቃሉ።

ቡና ሽታ ይስባል። አጠገቡ ጨው የተነሰነሰበት ጥሬ ቆዳ ከተጫነ ሃምቡርግ ሲደርስ ቡናው ቆዳ ቆዳ ይላል። ከቀይ ባሕር ዳርቻ ደግሞ ሁለቱም በአንድ ወቅት የሚወጡ የአገራችን ዕቃዎች ነበሩ። ስለዚህ የመጀመሪያው መኮንን የጭነት ሥዕሉን ሲያወጣ ቆዳውን ሌላ ጉድጓድ ማስገባት አለበት። ሥዕሉ በየወደቡ የተለያየ ቀለም ይቀባል፤ መጨረሻ የሚወርደው ታች፣ ቀድሞ የሚወርደው ላይ መሆን አለበትና። አንድ ቀለም ቢሳሳት ማርሴይ የሚወርደውን ለማግኘት የሃምቡርግን ጭነት አውጥቶ መመለስ ይመጣል።

የባሰው ጠላት ላብ ነው። መርከቡ የአሰብን ሞቃትና እርጥብ አየር በጉድጓዱ ይዞ በክረምት ወደ ሰሜን ሲወጣ የመርከቡ ብረት ይቀዘቅዛል። በውስጥ ያለው እርጥበት ጣሪያው ላይ ውሃ ሆኖ ጠብ ጠብ እያለ ጆንያው ላይ ይወርዳል። መድኃኒቱ አየር ማስገቢያ ቱቦዎቹን እንደ ነፋሱ ማዞር፣ የውጭው አየር ከውስጡ ደረቅ ሲሆን መክፈት፣ እርጥብ ሲሆን መዝጋት ነው። ዶፍ ሲመጣ ደግሞ በሌሊት ተሯሩጦ ሁሉንም በሸራ መሸፈን ይመጣል። በመንገድ ላይ ያለው የመጀመሪያ መኮንን እንቅልፍ የሚያጣው በማዕበል ሳይሆን በዚህ ነው። የሻገተ ጆንያ ሲወርድ ማንም «አየሩ እርጥብ ነበር» የሚል ሰበብ አይቀበለውም።

ይህ ሁሉ ሲደረግ ቀናት፣ አንዳንዴም ሳምንታት ያልፋሉ። መርከበኛው ከተማውን የሚያውቀው በዚህ ጊዜ ነው። ሽማግሌዎቹ ስለ ባሕር ሲጠየቁ ስለ ፖርት ሳይድ ነጋዴዎች፣ ስለ ኤደን ሱቆች፣ ስለ ቦነስ አይረስ ሥጋ ቤቶች የሚያወሩት ለዚህ ነው። ባሕሩ ሥራ ነበር፤ ታሪኩ ያለው ወደብ ላይ ነው።

ምግቡና መኝታው ምን ይመስል ነበር?

እንደ መርከቡ ባንዲራና እንደ ባለቤቱ። የስካንዲኔቪያ መርከቦች በ1950ዎቹ ለተራው መርከበኛ የግል ወይም የሁለት ሰው ክፍል ሲሰጡ፣ በአሮጌ ዘዋሪ መርከብ ላይ አራትና ከዚያ በላይ በአንድ ክፍል ይተኛ ነበር። ትኩስ አትክልት በመጀመሪያዎቹ ቀናት ያልቃል፤ ከዚያ በኋላ ድንች፣ የጨው ሥጋና የታሸገ ምግብ ነው። ጎበዝ ዳቦ ጋጋሪ ያለው መርከብ ጥሩ መርከብ ይባላል። ንጹሕ ውሃ በአንዳንዱ መርከብ በባልዲ ይታደል ነበር።

ተራ ሰው በጭነት መርከብ መንገደኛ ሆኖ መሄድ ይችል ነበር?

ይችል ነበር፤ እስከ አሥራ ሁለት ሰው። ቁጥሩ የመጣው ከዓለም አቀፉ የባሕር ደኅንነት ስምምነት ነው፤ ከአሥራ ሁለት በላይ መንገደኛ የያዘ መርከብ «የመንገደኛ መርከብ» ይሆንና ሕጉ ይከብድበታል፣ ሐኪምም መያዝ ይመጣል። ስለዚህ ብዙ ባለቤቶች መሐሉ ላይ ባለው ሕንፃ ጥቂት ጥሩ ክፍሎች ሠርተው እስከ ወሰኑ ይሞሉ ነበር። መንገደኞቹ ሚስዮናውያን፣ አስተማሪዎች፣ የቅኝ ግዛት ሹማምንት፣ ጊዜ የተረፋቸው ጡረተኞች ናቸው። ከካፒቴኑ ጋር በአንድ ጠረጴዛ ይበላሉ። ዋጋው ከመንገደኛ መርከብ ብዙውን ጊዜ ይቀንሳል፤ በምትኩ መቼ እንደሚደርሱ ማንም ቃል አይገባላቸውም።

ኢትዮጵያውያንስ በመርከብ ይጓዙ ነበር?

አውሮፕላን ከመለመዱ በፊት ሌላ መንገድ አልነበረም። የአዲስ አበባ–ጅቡቲ የባቡር መስመር በ1917 ከተጠናቀቀ በኋላ ለትምህርት የሚላኩ ወጣቶች በባቡር ጅቡቲ ይወርዳሉ፤ ከዚያ የፈረንሳዩ የመሳጀሪ ማሪቲም ኩባንያ መርከብ በስዊዝ አድርጎ ማርሴይ ያደርሳቸዋል። ከደጋ ወርዶ የጅቡቲን ሙቀት፣ ወዲያው ደግሞ የባሕርን ማጥወልወል ማየት ቀላል አልነበረም። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ1946 በረራ ከጀመረ በኋላ መንገደኛው ቀስ በቀስ ወደ ሰማይ ወጣ፤ ለመርከብ የቀረው ዕቃው ነው።

ኢትዮጵያ የራሷን የንግድ መርከቦች መቼ አገኘች?

በ1952 ኤርትራ በፌዴሬሽን ስትቀላቀል ምጽዋና አሰብ የኢትዮጵያ ወደቦች ሆኑ፤ ጭነቱ ግን ለረጅም ጊዜ በውጭ መርከቦች ሲመላለስ ቆየ። የኢትዮጵያ ንግድ መርከብ አክሲዮን ማኅበር በ1964 ተቋቋመና በ1966 ሥራ ጀመረ። ከምጽዋና ከአሰብ፣ ከደገኛውም አገር የመጡ ልጆች በእነዚህ መርከቦች ላይ ተቀጥረው ሮተርዳምን፣ ሃምቡርግንና ሌሎች የአውሮፓ ወደቦችን አዩ። ማኅበሩ አገሪቱ ወደብ አልባ ከሆነች በኋላም በጅቡቲ በኩል መሥራቱን ቀጠለ፤ በ2011 ከሌሎች የሎጂስቲክስ ተቋማት ጋር ተዋሕዶ የዛሬውን ድርጅት መሠረተ። ሥራ በጀመረበት በዚያው 1966 የመጀመሪያው መደበኛ የኮንቴይነር መስመር አትላንቲክን ተሻገረ። ጠቅላላ ዕቃ ጫኝ መርከብ ይዞ ገበያ ለሚገባ ጀማሪ ጊዜው ምቹ አልነበረም።

ከቤተሰብ ጋር እንዴት ይገናኙ ነበር?

በደብዳቤ። ቤተሰብ ለኩባንያው ወኪል ይልካል፤ ወኪሉ መርከቡ ሲደርስ በፖስታ ከረጢት ይዞ ይወጣል። መርከቡ አቅጣጫ ከቀየረ ደብዳቤው ወደብ ለወደብ እያሳደደው ለወራት ይዞራል። አስቸኳይ ከሆነ ቴሌግራም አለ፤ በቃል ስለሚከፈልበት ሰዎች «ወንድ ልጅ ሁለቱም ደኅና» ብለው ያቆማሉ።

ቴሌግራሙን የሚልከው የሬዲዮ መኮንኑ ነው። ክፍሉ ግድግዳ ላይ የተሰቀለው ሰዓት መልኩ ለየት ይላል፤ ከ15 እስከ 18 እና ከ45 እስከ 48 ደቂቃ ያሉት ክፋዮች ቀይ የተቀቡ ናቸው። የደቂቃው እጅ በየሰዓቱ ቀዩ ላይ ሲደርስ በዓለም ያለ የመርከብ ሬዲዮ ሁሉ በ500 ኪሎኸርዝ ላይ መላክ ያቆምና ያዳምጣል፤ አቅሙ የደከመ የድረሱልኝ ጥሪ እንዳይዋጥ ነው። መኮንኑ ሲተኛ አራት አራት ሰከንድ የሚረዝሙ ምቶችን ሲሰማ ደወል የሚያስጮህ መሣሪያ ይጠብቅለታል። በኖርዌይ መርከቦች ላይ ይህን ሥራ የሚሠሩ ሴቶች ብዙ ነበሩ፤ ለሴት በር ከከፈቱት ጥቂት የባሕር ሥራዎች አንዱ ነው።

በማዕበል የሚሰምጥ መርከብ ብዙ ነበር?

ከዛሬው ይበዛል። የጭነት ጉድጓዱ አፍ የሚዘጋው በሳንቃና በላዩ በተወጠረ ሸራ ስለነበር ከባድ ማዕበል ሳንቃውን ከሰበረ ውሃው በቀጥታ ታች ይገባል። ከጦርነቱ ዘመን የመጡት መርከቦች ደግሞ ብረታቸው በምስማር ሳይሆን በብየዳ የተያያዘ ነው፤ በቅዝቃዜ የተነሣ አንድ ስንጥቅ ከጀመረ የሚያቆመው አልነበረም።

በዘመኑ ዓለም ሁሉ የተከታተለው የ«ፍላይንግ ኢንተርፕራይዝ» ታሪክ ነው። በታኅሣሥ 1951 ከሃምቡርግ ወደ አሜሪካ ሲሄድ በገና ሰሞን ማዕበል ተሰነጠቀ፣ ጭነቱ ወደ አንድ ጎን ተንሸራቶም አዘነበለ። ከጭነቱ መካከል ብዙ ቶን ብረትና ቡና ነበር። አሥሩ መንገደኞችና መርከበኞቹ ወደ ባሕር እየዘለሉ በሌሎች መርከቦች ተነሡ፤ አንድ ሰው ሞተ። ካፒቴኑ ኩርት ካርልሰን ግን አልወርድም ብሎ ብቻውን ቀረ። በጥር መጀመሪያ ጎታች መርከብ ስትደርስ የእሷ መኮንን ኬኔዝ ዳንሲ በሁለቱ መካከል ያለውን ክፍተት ዘልሎ ከእሱ ጋር ሆነ። ገመዱ ግን ተበጠሰ። ጥር 10 ቀን 1952 ሁለቱ ሰዎች በተጋደመው ጭስ ማውጫ ላይ ተራምደው ወደ ባሕር ዘለሉ፤ መርከቡ ብዙም ሳይቆይ ሰመጠ። ካርልሰን ኒው ዮርክ ሲመለስ እንደ ጀግና ተቀበሉት፤ እሱ ግን ታሪኩን ለፊልም እንሽጠው ያሉትን እንቢ አለ።

በስዊዝ ቦይ ስምንት ዓመት ታስረው የቀሩ መርከቦች አሉ ይባላል፤ እውነት ነው?

እውነት ነው። በሰኔ 5 ቀን 1967 የእስራኤልና የዐረቦች ጦርነት ሲፈነዳ ቦዩን እያቋረጡ የነበሩ አሥራ አራት መርከቦች በታላቁ መራራ ሐይቅ፣ አንድ ደግሞ በቲምሳሕ ሐይቅ ቀሩ። ቦዩ በሁለቱም ጫፍ ተዘጋ። ሁለቱ ጦሮች ግራና ቀኝ እየተታኮሱ እንግሊዞች፣ ጀርመኖች፣ ስዊድናውያን፣ ፖላንዶች፣ አሜሪካውያን፣ ፈረንሳዮች፣ ቡልጋሮችና ቼኮዝሎቫኮች አንድ ማኅበር አቋቋሙ። ቀዝቃዛው ጦርነት እዚያ ሐይቅ ላይ አልደረሰም። በአንዱ የእንግሊዝ መርከብ ላይ ኳስ ይጫወታሉ፣ በጀርመኑ ላይ ቅዳሴ ይሰማሉ፣ በቡልጋሩ ላይ ፊልም ያያሉ። በ1968 የራሳቸውን ትንሽ ኦሊምፒክ አደረጉ፤ በእጅ የሠሩትንም ቴምብር ሰብሳቢዎች ይሻሙበት ነበር። የበረሃው አሸዋ ስለሸፈናቸው «ቢጫው የመርከብ ጓድ» የሚል ስም ወጣላቸው። ሠራተኞቹ በየጊዜው ይቀያየሩ ስለነበር አንድ ሰው ስምንት ዓመት ሙሉ አልታሰረም። ቦዩ በ1975 ሲከፈት በራሳቸው ሞተር ወደ ሃምቡርግ የገቡት ሁለቱ የጀርመን መርከቦች ብቻ ናቸው።

ለእኛ አካባቢ መዘዙ ከባድ ነበር። ከአውሮፓ ወደ ቀይ ባሕር የሚመጣው ሁሉ አፍሪካን መዞር ነበረበት፤ በነዳጅና በስንቅ ሽያጭ የሚተዳደረው የኤደን ወደብም በአንድ ሌሊት ጭር አለ።

ይህ ዓይነቱ ሕይወት ለምን ጠፋ?

በሚያዝያ 26 ቀን 1956 «አይዲል ኤክስ» የተባለ የተለወጠ ነዳጅ ጫኝ 58 ኮንቴይነሮችን ተሸክሞ ከኒው ጀርዚ ወደ ሂዩስተን ሄደ። ሐሳቡ የጭነት መኪና ነጋዴው ማልኮም ማክሊን ነው። በተበታተነ ጭነት አንድ ቶን ለመጫን ከአምስት ዶላር በላይ ይወጣ የነበረው በዚያ መርከብ አሥራ ስድስት ሳንቲም ሆነ። ከዚህ በኋላ ክርክር የለም። በ1960ዎቹ የኮንቴይነር ልክ በዓለም አንድ ሆነ፤ ሳምንት ይፈጅ የነበረው በአንድ ቀን ያልቅ ጀመር። ጫኙም፣ ቆጣሪውም፣ መርከበኛውም አብረው ቀነሱ። ወደቡም ከከተማው መሐል ወጥቶ ሩቅ ሜዳ ላይ ሰፈረ። ባለቤቶቹ በሌላ በኩል ባንዲራቸውን ወደ ፓናማና ላይቤሪያ እያዞሩ ነበር፤ በ1967 ላይቤሪያ በተመዘገበ መርከብ እንግሊዝን በልጣ የዓለም አንደኛ ሆነች። «ድሮ ጥሩ ነበር» የሚሉ አሉ። ለአስተዋይ ወጣት፣ ከተማ ለማየት፣ ጥሩ ነበር። ጉድጓድ ውስጥ በትከሻው ጆንያ ይሸከም የነበረውን ግን ስለዚያ የጠየቀው የለም።

አባቴ በእንግሊዝ መርከብ ሠርቷል፤ መረጃ ከየት ላግኝ?

መጀመሪያ ቤት ፈልጉ። እያንዳንዱ መርከበኛ የሥራ መመዝገቢያ ደብተር ነበረው፤ መርከብ፣ ቀን፣ ወደብ ይጻፍበታል፣ ስለ ችሎታና ጠባይ ማኅተም ይመታበታል። «በጣም ጥሩ» የሚለው ማኅተም የዘወትር ነበር፤ «አስተያየት አልሰጥም» የሚል የተመታበት ሰው ግን ቀጣሪ ማግኘት ይከብደዋል። እንደዚያ ያለ ገጽ ካገኛችሁ ጥሩ ታሪክ አለበት።

ደብተሩ ከሌለ በለንደን ኪው የሚገኘው ብሔራዊ መዝገብ ቤት ከ1941 እስከ 1972 ያለውን የመርከበኞች ማዕከላዊ መዝገብ ይዟል። የሠራተኞች ውል ወረቀቶች ደግሞ አብዛኞቹ የሚገኙት በካናዳ ኒውፋውንድላንድ በሜሞሪያል ዩኒቨርሲቲ የባሕር ታሪክ ቤተ መዛግብት ነው፤ ከ1951 እስከ 1976 ያሉትም እዚያ ናቸው። ስም በላቲን ፊደል በየመዝገቡ በተለያየ መንገድ ሊጻፍ ይችላል፤ በትውልድ ቀንና በመርከቡ ስም መፈለግ ይቀላል። ስሙ ላይ የአባት ስም እንደ ቤተሰብ ስም ተቆጥሮ ሊሆን ስለሚችል በሁለቱም ሞክሩ።

ዛሬም በዓይን ሊታይ የሚችል የዚያ ዘመን መርከብ አለ?

አለ። በሳን ፍራንሲስኮ «ጄረማያ ኦብራየን»፣ በባልቲሞር «ጆን ብራውን» የተባሉ ሊበርቲ መርከቦች በቤተ መዘክርነት ተጠብቀዋል፤ በፒሬየስም «ሄላስ ሊበርቲ» አለ። በአውሮፓ ለሚኖር ግን የምመክረው በሃምቡርግ የቆመውን «ካፕ ሳን ዲየጎ»ን ነው፤ በ1960ዎቹ መጀመሪያ የተሠራ ሲሆን ወደ ደቡብ አሜሪካ ይመላለስ ነበር። የመንገደኛ ክፍሎቹ ዛሬ ሆቴል ሆነው ይከራያሉ። ከሄዳችሁ ግን ክፍሉን ብቻ አይታችሁ አትመለሱ፤ ታች ውረዱና ጉድጓዱ ውስጥ ቆማችሁ ወደ ላይ አፉን ተመልከቱ።